ነጎድጓዱን የገሠጽኩበት ቀን

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትዳርና ስለ ቤተሰብ ጸሎት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ስለ አየር ጠባይ ላወራችሁ ነው። «የፓስተር ሚስት ስለ ሙቀትና ስለ ዝናብ ምን አገባት?» ትሉኝ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ታሪኩ እኔን የሚያሳፍር ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በሆዴ ይዤው ኖሬአለሁ። ለሌላ ሰው ትምህርት ይሆናል ብዬ ስላመንኩ ግን ልጽፈው ወሰንኩ።

ታናሽ እህቴ ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር የምትኖረው በአሜሪካ አገር፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ታምፓ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ፣ እናታችን በሕይወት ስለሌሉ እኔ ላርሳት ሄድኩ። ጊዜው ሐምሌ ነበር። የእኛን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፤ ጭቃው፣ ብርዱ፣ ጋቢው። እኔም ሹራብ ላይ ካፖርት ደርቤ፣ በሻንጣዬ በሶና ቅንጬ፣ በርበሬና ሽሮ ይዤ ተነሣሁ።

ወበቁ

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥቼ የውጭው አየር ሲቀበለኝ፣ የሚፈላ ድስት ክዳን ሲያነሱት እንደሚወጣው እንፋሎት ፊቴን መታኝ። መነጽሬ ወዲያው ጉም ለበሰ። ካፖርቴን አውልቄ ሳልጨርስ ቀሚሴ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ።

ሙቀት አላውቅም ነበር ማለቴ አይደለም። በድሬዳዋ ሁለት ዓመት አገልግለናል። የድሬዳዋ ሙቀት ግን ደረቅ ነው፤ ጥላ ሥር ገብተው ውኃ ሲጠጡ ያርፉበታል። የታምፓው ጥላም የለውም። የታጠበ ልብስ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ሳይደርቅ ይውላል፤ ጨው በዕቃው ውስጥ ይረጥባል፤ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም። ይህን ዓይነቱን ሙቀት አማርኛችን «ወበቅ» ብሎ ለይቶ ይጠራዋል። በጅዳ፣ በዱባይና በቤሩት የሚሠሩ እህቶቻችንና ልጆቻችንም በሚገባ ያውቁታል።

ምክንያቱን የእህቴ ባለቤት አስረዳኝ። እግዚአብሔር ሰውነታችንን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ላቡ ወደ አየር ሲተን ሙቀታችንን ይዞ ይሄዳል። አየሩ አስቀድሞ በባሕር እርጥበት ከተሞላ ግን ላባችን መሄጃ አያገኝም፤ በገላችን ላይ ይንጠባጠባል እንጂ አያቀዘቅዘንም። ስለዚህ ሙቀቱ 32 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 70 በመቶ ሲሆን፣ በጥላ ሥር ያለ ሰው እንኳ የሚሰማው 41 ዲግሪ ያህል ሆኖ ነው። በዚያው ዓመትና በዚያው ሐምሌ፣ በደቡብ ፍሎሪዳ ማናቲ ቤይ በሚባል ጥልቀት በሌለው የባሕር ወሽመጥ የውኃው ሙቀት 38.4 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል። የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ መሆኑን አስቡ። ባሕሩ ከሰውነት ይሞቅ ነበር ማለት ነው።

የዘጠኝ ሰዓቱ እንግዳ

ጧት ጧት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ወደ ስድስትና ሰባት ሰዓት ነጫጭ ደመናዎች እዚህም እዚያም ብቅ ይላሉ። ስምንት ሰዓት ላይ እንደ ተራራ ይቆለላሉ። ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ሲሆን (በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) ሥራቸው ይጠቁራል፣ ነጎድጓድ ይጀምራል፣ ዝናቡም በገንቦ እንደሚያፈሱት ይወርዳል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ምንም እንዳልሆነ ፀሐይዋ ታበራለች። በማግስቱም እንደዚያው። ከግንቦት እኩሌታ አንሥቶ እስከ ጥቅምት መግቢያ ድረስ የዚያ አገር ወግ ይህ ነው።

የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በትምህርት ቤት የተማረውን ሁሉ ለእኔ ማስተማር ይወዳል። ፍሎሪዳ በሁለት ባሕር መካከል ያለች ምድር መሆኗን በእጁ እያሳየ ነገረኝ። በምዕራብ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በምሥራቅ የአትላንቲክ ውቅያኖስ አለ። ቀን ላይ ምድሪቱ ከባሕሩ ፈጥና ትሞቃለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሁለቱም ባሕር እርጥብ ነፋስ ቦታውን ሊሞላ ይገባል። ሁለቱ ነፋሳት በምድሪቱ ላይ ሲጋጩ መውጫቸው ወደ ሰማይ ብቻ ይሆናል፤ ደመናውም ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ያድጋል። ከታምፓ እስከ ኦርላንዶ ያለው ምድር በመላው አሜሪካ መብረቅ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። የከተማዋ የበረዶ ሆኪ ቡድን ስም እንኳ «መብረቅ» ነው።

ልጁ መቁጠርም አስተማረኝ። ብልጭታውን ስታይ ቁጥር ትጀምራለህ፤ ድምፁ ሲደርስህ ታቆማለህ። እነርሱ በማይል ያሰሉታል፤ በእኛ ሲሰላ ለእያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ ዋናው ትምህርት መቁጠሩ አይደለም። መብረቅ ከደመናው ወጥቶ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ርቆ ሊመታ ይችላል፤ ይህም የነጎድጓድ ድምፅ ሊሰማ የሚችልበት ርቀት ያህል ነው። ስለዚህ ድምፁን ከሰማህ አንተም በክልሉ ውስጥ ነህ፤ ፀሐይ በራስህ ላይ እያበራችም ቢሆን ቤት መግባት አለብህ።

እኔም ሰማሁት። «ጎበዝ ልጅ!» ብዬም ሳምኩት። ግን በልቤ አልገባም ነበር።

ቡናው ገና አልፈላም

በዚያ ከተማ ያሉ ኢትዮጵያውያን ምእመናን አንድ ቅዳሜ በባሕር ዳር መናፈሻ የኅብረት ቀን አዘጋጁ። አርባ ያህል ሰዎች ነበርን። የተቀመጥነው በብረት ምሰሶዎች ላይ ክዳን ብቻ ባለው፣ ግድግዳ በሌለው ዳስ ሥር ነው። ዶሮ ወጡ፣ ድፎ ዳቦው፣ ዝማሬው የናፍቆት ነበር። እኔም የእንግዳ ክብር ተሰጥቶኝ ማዕዱን ባረኩ፤ አጭር ቃልም አካፈልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ የመጀመሪያው ቡና ተጠጥቶ ሁለተኛው ሲጣድ፣ ከምሥራቅ በኩል ሩቅ ጉርምርምታ ተሰማ። በራሳችን ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የባሕሩ ጠባቂዎች ፊሽካ ነፉ፤ ሰዎች ከውኃው እየወጡ ወደ መኪኖቻቸው መሄድ ጀመሩ። የእኛዎቹም ወጣቶች ዕቃ መሰብሰብ ያዙ። እህቴ አራስ ልጇን አቅፋ ወደ እኔ መጣችና «እትዬ፣ መኪና ውስጥ እንግባ» አለችኝ።

አሁን ነው የሚያሳፍረኝ። «ምነው እናንተ ፈረንጅ ሆናችሁ እንዴ?» አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። «ለዝናብ ብላችሁ ማዕድ ትበትናላችሁ? ቡናው ገና አልፈላም! የምናመልከው ማዕበሉን ጸጥ ያደረገውን ጌታ አይደለም ወይ?» ከዚያም ተነሥቼ እጄን ወደ ምሥራቅ ዘርግቼ ነጎድጓዱን በኢየሱስ ስም ገሠጽኩት። ሁሉም «አሜን» አሉ። ዕቃ ያነሡት መልሰው አስቀመጡ። እህቴም ምንም ሳትናገር ልጇን እንዳቀፈች ተቀመጠች።

የእህቴ ትልቅ ልጅ ብቻ ከጎኔ ቆሞ በለሆሳስ ይቆጥር ነበር። አሥራ አምስት ላይ ቆመ። ቀጥሎ አሥር ላይ። ቀጥሎ ስድስት ላይ። «አክስቴ፣ እየቀረበ ነው» አለኝ። «እምነት ይኑርህ» አልኩት።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልነበረውም። ብርሃኑና ድምፁ አንድ ላይ መጡ። ከእኛ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ የነበረ የዘንባባ ዛፍ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ለጥቂት ጊዜ ጆሮዬ ምንም አልሰማም፤ የሰዎችን የተከፈተ አፍ ብቻ አይ ነበር። እህቴ ሕፃኑ ላይ ተደፍታ መሬት ላይ ነበረች። የብረቱን ምሰሶ ተደግፎ የነበረ አንድ ወጣት ወድቆ ክንዱን ማንቀሳቀስ አቃተው። አምቡላንስ ተጠርቶ ወሰደው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክንዱ ተመልሶለት በዚያው ምሽት ወደ ቤቱ ገባ። ሌላ የተጎዳ አልነበረም። ጌታ ምሕረት አደረገልን እንጂ፣ ለአርባ ሰው መርዶ ምክንያት ልሆን ምን ቀረኝ?

ከብቶቻቸውን ወደ ቤት ያስገቡት

በዚያ ምሽት እህቴ አልተናገረችኝም። ልትናገረኝ የሚገባውን ባውቅም ዝምታዋ ከንግግር ከበደኝ። ልጁን ላስተኛው ስሄድ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያስብ ነበር። «አክስቴ» አለኝ፣ «እግዚአብሔር እኮ አስቀድሞ ነግሮን ነበር።»

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ያነበብኩትን፣ ደግሞም ያስተማርኩትን የግብፅን መቅሠፍት ታሪክ አነበብኩ። በዘጸአት ምዕራፍ 9 እግዚአብሔር በግብፅ ላይ ነጎድጓድና በረዶ ሊያወርድ ነው። ከማውረዱ በፊት ግን አንድ ቀን ሙሉ ጊዜ ሰጠ፤ በሜዳ ያለውን ሰውና ከብት ሁሉ ወደ መጠለያ እንዲያስገቡ በሙሴ በኩል ነገራቸው (ዘጸ. 9፥18-19)። ከዚያ በኋላ ቃሉ የፈርዖንን ሹማምንት ለሁለት ይከፍላቸዋል። የእግዚአብሔርን ቃል የፈሩት አገልጋዮቻቸውንና ከብቶቻቸውን በፍጥነት ወደ ቤት አስገቡ፤ ቃሉን በልባቸው ያላኖሩት በሜዳ ተዉአቸው (ቁ. 20-21)።

እህቶቼ፣ ይህን አስተውሉ። እነዚያ ግብፃውያን እግዚአብሔርን መፍራታቸው በምን ታወቀ? በዝማሬ ወይም በታላቅ ድምፅ አይደለም። ከብት ወደ በረት በማስገባት ነው! በዚያ ቀን በእግዚአብሔር የሚያምንና የማያምን የተለየው፣ ማን ወደ ቤት ገባ፣ ማን በሜዳ ቀረ በሚለው ነበር። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ሜዳ ላይ መቅረትን እምነት ብዬ ጠራሁት።

ታዲያ ጌታችን ማዕበሉን አልገሠጸም ወይ? ገሥጿል። ግን ወደ ማዶ እንሻገር ያለው እርሱ ራሱ ነበር (ማር. 4፥35)፤ ደቀ መዛሙርቱም በባሕሩ ላይ የተገኙት እርሱን ታዝዘው ነው። እኔን በዚያ ዳስ ሥር ያስቀረኝ የጌታ ትእዛዝ አልነበረም። ቡና ነበር፤ ከቡናውም ይልቅ ኩራቴ። ዲያብሎስ ጌታችንን በመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን እንዲወረውር ሲጠይቀው የጠቀሰለት እውነተኛ ቃል ነበር። ጌታ ግን እግዚአብሔርን አልፈታተንም አለ (ማቴ. 4፥5-7)። ቃል ጠቅሶ መናገርና ቃሉን መታዘዝ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ በዚያ ሌሊት ገባኝ። ጠቢቡም አስተዋይ ሰው ክፉን አይቶ እንደሚሸሸግ፣ አላዋቂ ግን አልፎ እንደሚጎዳ ጽፎልናል (ምሳ. 22፥3)።

«እርስዎን አክብሬ ነው»

ለባለቤቴ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይቅርታ ጠይቀሻል?»

በማግስቱ በመጀመሪያ እህቴን፣ ቀጥሎ ልጇን ይቅርታ ጠየቅሁ። አክስት የእህቷን ልጅ ይቅርታ መጠየቋ በእኛ ባህል የተለመደ ባይሆንም፣ እምነትን በስሕተት ያስተማርኩት እርሱን ነበርና። ከዚያም ከመሪዎቹ ፈቃድ ጠይቄ በጉባኤው ፊት ቆሜ በደሌን ተናገርኩ። ከአምልኮ በኋላ ክንዱ የተጎዳው ወጣት መጥቶ አቀፈኝ። «እናቴ፣ አያስቡ» አለኝ። «እኔም መሄድ ፈልጌ ነበር። እርስዎን አክብሬ ነው የቀረሁት።»

ሊያጽናናኝ ነበር የተናገረው። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በልቤ አለ። እኛ በቤታችንና በቤተ ክርስቲያን የምንከበር እናቶች የምንናገረው ቃል በሌሎች ሕይወት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ እናስተውላለን?

ያን ጊዜ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረች አንዲት እህት ትዝ አለችኝ። የደም ግፊት ነበረባት። በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ኪኒኗን መተዋን በደስታ ስትመሰክር እኔም «አሜን» ካሉት አንዷ ነበርኩ። ሐኪሟን እንድትጠይቅ ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ እምነቷን የማዳክም መስሎኝ ዝም አልኩ። ከወራት በኋላ ግማሽ አካሏ ሽባ ሆነ። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ አምናለሁም። ነገር ግን የግፊት መለኪያው፣ የሐኪሙ ምክር፣ የልጃችን ትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የባል ወይም የሚስት «ደክሞኛል» የሚል ቃል፣ እነዚህም ከመብረቁ በፊት የሚሰሙ ነጎድጓዶች ናቸው። ስንቱን «በኢየሱስ ስም» ብለን አልፈነው ይሆን?

ለቤታችሁ የሚሆን ምክር

በአገራችንም በክረምት ከዛፍ ሥር ተጠልለው በመብረቅ ስለ ሞቱ ሰዎችና ከብቶች እንሰማለን። ስለዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ነጎድጓድ ከተሰማ ወደ እውነተኛ ቤት ወይም የብረት ክዳን ወዳለው መኪና ግቡ፤ የመኪናውንም መስኮት ዝጉ። በመኪና ውስጥ የሚጠብቃችሁ ጎማው አይደለም፤ ኤሌክትሪኩን በዙሪያችሁ አሳልፎ ወደ መሬት የሚወስደው የብረት አካሉ ነው። ግድግዳ የሌለው ዳስ፣ ድንኳንና ዛፍ መጠለያ አይሆኑም። መብረቅ ዛፍ ሲመታ ኃይሉ በመሬት ውስጥ ተዘርግቶ ሥሩ የቆመውን ያገኘዋል። ከሜዳ፣ ከውኃና ከብረት አጥር ራቁ። ቤት ውስጥም ሆናችሁ ገላ አትታጠቡ፣ ዕቃም አትጠቡ፤ ከግድግዳ ጋር በሽቦ የተያያዘ መሣሪያ አትንኩ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

መብረቅ የመታው ሰው በገላው ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ሳትፈሩ ንኩትና እርዳታ ጥሩ። ከተመቱት ብዙዎቹ፣ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ፣ በሕይወት ይተርፋሉ። ትንፋሽና የልብ ምት ካጣ፣ የሚያውቅ ሰው ደረቱን እየተጫነ እንዲረዳው አድርጉ።

በወበቅ አገር ያላችሁ ደግሞ ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ ከባድ ሥራን ወደ ጧትና ወደ ማታ አድርጉ። አንድ ሰው በሙቀት መካከል ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ወደ ቀዝቃዛ ስፍራ ወስዳችሁ ገላውን በውኃ አርጥቡ፣ አራግቡለት፣ ፈጥናችሁም ሐኪም ጥሩ። ሕፃን ልጅን ለአንዲት ደቂቃም በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ በፀሐይ የቆመ መኪና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ብቻ አሥር ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል።

የእህቴ ልጅ አሁን ከእኔ በቁመት በልጧል። ስንደዋወል ገና «ሄሎ» ከማለቱ «አክስቴ፣ አዲስ አበባ ነጎድጓድ አለ?» ይለኛል። ክረምት ከሆነና ካለ «አለ» እለዋለሁ። «ቤት ነሽ?» ይለኛል። «አዎ ልጄ፣ ቤት ነኝ።»

አንቺስ እህቴ? በዚህ ወር በቤትሽ እየሰማሽው ገና ያልተነሣሽለት ነጎድጓድ የትኛው ነው? ቡናው ይቆይ። ተነሺና ልጆችሽን አስገቢ።

ጌታ ሆይ፣ ሳይመታን ስለምታስጠነቅቀን እናመሰግንሃለን። የምትሰማ ጆሮና ፈጥኖ የሚታዘዝ ልብ ስጠን። ስምህን ለኩራታችን መሸፈኛ ካደረግንበት ኃጢአት አንጻን። በእጃችን የሰጠኸንን ነፍሳት በጥበብ እንድንጠብቅ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።